ታራንቱላ በባሕር ዳር ቤት፦ አጎበር፣ እርጥበትና ጉንዳን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልን።

ስለ ዶሮ፣ ስለ ንብና ስለ ወተት ላም የሚጽፉ ብዙ ናቸው። እኛ የምንጽፍላችሁ ሰው ሲያያት በጫማ ለመጨፍለቅ ስለሚቸኩልባት ፍጥረት ነው፤ ጸጉራም ስለሆነችው ትልቅ ሸረሪት፣ ስለ ታራንቱላ። በቤት ወይም በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሊያቆዩአት የሚፈልጉ ወጣቶችና መምህራን የሚመሩበት ምክር ለቀዝቃዛ አገር የተዘጋጀ ነው፦ ማሞቂያ ይግባ፣ ውሃ በየቀኑ ይረጭ፣ ክዳኑ ይዘጋ። ብርዱን ለመከላከል ቤቱን በማሞቂያ ለሚያደርቅ ሰው ይህ ልክ ሊሆን ይችላል። ጣና ዳር ሆኖ ይህንኑ መከተል ግን ሸረሪቷን በእርጥበት መግደል ነው። የወባ ትንኝ መከላከያ ኬሚካልን ደግሞ እዚያ ብዙም አያነሱትም፤ እኛ ቤት ግን ከሁሉ በፊት መነሳት ያለበት እሱ ነው።

በቅድሚያ ከየት ትገኛለች ለሚለው። ከጫካ ቆፍሮ ማውጣት አይገባም። ሴቷ እንደ ዝርያዋ ከ20 ዓመት በላይ ትኖራለች፤ ለመውለድ የምትደርሰውም ዓመታት ቆይታ ነው። ከአንድ ኮረብታ ስር አራት አምስት ጉድጓድ ቆፍሮ ያወጣ ሰው ያን ቦታ ለረጅም ጊዜ ባዶ ያደርገዋል። የዱር እንስሳት ጉዳይ በአዋጅ የሚገዛ ስለሆነ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ሳይጠይቁ መጀመር አይቻልም። ከውጭ ማስገባትም ፈቃድ ይፈልጋል። ለምሳሌ ብራኪፔልማ የሚባለው የሜክሲኮ ወገን፣ ጉልበቷ ላይ ቀይ ቀለም ያላት ታዋቂዋ ሸረሪት ያለችበት፣ ንግዱ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ስር ነው። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዚህ ስምምነት አባል ናት።

ለጀማሪ የሚሻለው የአሜሪካ ምድር ወገን ነው። እነዚህ ዝግ ያሉ ናቸው፤ ሲከፋቸው በኋላ እግራቸው ሆዳቸውን አሽተው የሚያሳክክ ጸጉር ይበትናሉ እንጂ ለመንከስ አይቸኩሉም። የአፍሪካና የእስያ ወገኖች የሚበተን ጸጉር የላቸውም። ፈጣኖች ናቸው፣ ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ ንክሻቸውም ይብሳል። በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኘው ፕቴሪኖኪለስ የሚባለው ወገን ክዳን በተከፈተ በቅጽበት ክንድ ላይ ሊወጣ ይችላል። ልምድ የሌለው ሰው በእሱ አይጀምር።

አሁን ወደ ኬሚካሉ። የትንኝ አጎበር ክሩ ራሱ በፐርሜትሪን፣ በዴልታሜትሪን ወይም በመሰል መድኃኒት የተሠራ ነው። 20 ጊዜ ታጥቦ እንኳ ትንኝ እንዲገድል ታስቦ የሚመረት ጨርቅ ነው። በየቤቱ ያረጀ አጎበር የማሰሮ መክደኛ፣ የችግኝ መከለያ፣ የዶሮ ቤት መጋረጃ ሲሆን እናያለን፤ ስለዚህ የሸረሪቷን ሳጥን አየር እንዲያስገባ በአጎበር ቁራጭ መሸፈን ለማንም የሚመጣ ሐሳብ ነው። ውጤቱ ሞት ነው። ታራንቱላ ማታ ማታ ግድግዳና ክዳን ላይ ትወጣለች፤ የእግሯ ጫፍ መድኃኒቱን ይነካል፤ ከዚያ እግሯን በአፏ ታጸዳለች። ኬሚካል ባይኖረው እንኳ መረብ ክፉ ነው። በእያንዳንዱ እግሯ ጫፍ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጥፍሮች ክሩ ውስጥ ይሰካሉ፤ ሸረሪቷ ተንጠልጥላ ትቀራለች ወይም እግሯን ቆርጣ ትወድቃለች። ስለዚህ ክዳኑ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ይሁን፤ አጎበርም ሆነ ወንፊት አይሁን።

በጣሳ የሚነፋው ፍሊትም፣ የትንኝ ማባረሪያ ጥቅልል ጭስም፣ ውሻ ላይ የሚደረገው የመዥገር መድኃኒትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። የተመረዘች ሸረሪት ትታወቃለች፤ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ አንዱ እግር ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ጎን ይወረወራል፣ አረማመዷ የሰከረ ሰው ይመስላል። ማርከሻ የለውም። ኬሚካል ወዳልነካው ንጹህ ሳጥን ማዛወር፣ ሶፍት ማንጠፍ፣ ውሃ ማቅረብና ጨለማ ቦታ ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚቻለው። የምትተርፍ አለች፣ የማትተርፍ ትበዛለች።

የጤና ባለሙያዎች ቤት ለመርጨት ሲመጡ ‘ሸረሪት አለብኝና አይረጭብኝ’ ማለት ግን ፈጽሞ አይገባም። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ የልጆች ነፍስ ይቀድማል። ማድረግ የሚገባው እንዲህ ነው። ርጭቱ በሚነገርበት ቀን ሳጥኑንና የምግብ ነፍሳቱን ዕቃ ወደማይረጭ ቤት መውሰድ። ከርጭቱ በኋላ መደርደሪያውን በሳሙና ውሃ ማጠብ። እኛ ከ2 ሳምንት በፊት አንመልስም። ሲመለስም ሳጥኑ ከግድግዳው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ምክንያቱም የተረጨው ግድግዳ ላይ ለወራት እንዲቆይ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። አጎበር የነካ፣ የትንኝ ቅባት የተቀባ እጅ ሳይታጠብ ሳጥን ውስጥ አይገባም።

ሳጥኑን በተመለከተ ልኬቱ ከሸረሪቷ ይነሳል። የፊት እግሯ ጫፍ እስከ ኋላ እግሯ ጫፍ ተዘርግቶ 14 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወለሉ 42 በ28 ይበቃታል፤ ማለትም ርዝመቱ 3 እጥፍ፣ ወርዱ 2 እጥፍ። ሰፊ ቤት ደስ ያሰኛታል ብሎ ማሰብ አያስፈልግም። ወሳኙ ቁመቱ ነው። በመሬት ላይ ለሚኖሩት ዝርያዎች ከአፈሩ እስከ ክዳኑ ያለው ክፍት ቦታ ከዚሁ የእግሯ ዝርጋታ ከ1.5 እጥፍ መብለጥ የለበትም፤ ለዚህችኛዋ ከ21 ሳንቲ ሜትር። ሳጥኑ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ካለው ቢያንስ 9 ሳንቲ ሜትር አፈር ይገባበታል ማለት ነው። ሆዷ ስስ ከረጢት ነው፤ ከሁለት ስንዝር ከፍታ ድንጋይ ወይም ሸክላ ላይ ብትወድቅ ሊፈነዳ ይችላል። ረጅም የዓሣ ማሳያ መስታወት ገዝቶ ከስር 3 ሳንቲ ሜትር አፈር ማድረግ በጣም የተለመደው ስህተት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ያምራል፣ ለእሷ ግን ገደል ነው። ሆዷ ከተቀደደ ፈሳሹን በንጹህ ሶፍት ነካ አድርጎ ማድረቅና ቁስሉን በቫዝሊን ወይም በበቆሎ ስታርች መድፈን ይሞከራል። እግር ከተቆረጠ ብዙ አያሳስብም፤ ራሷ ትዘጋዋለች፣ ቅርፊቷን ስትጥልም እየበቀለ ይመጣል።

ጠንካራና ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ በቀላሉም ይበሳል። ምስማር በእሳት አግሎ ከውስጥ ወደ ውጭ መብሳት ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተበሳ የቀለጠው ፕላስቲክ ሾሎ ወደ ውስጥ ይቀርና እግሯን ይቧጭራል። ቀዳዳው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። በአንዱ ጎን ከአፈሩ ጥቂት ከፍ ብሎ አንድ መስመር፣ በፊት ለፊቱ ጎን ደግሞ ከክዳኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሌላ መስመር፤ በየመስመሩ ከ15 እስከ 20 ቀዳዳ። እንዲህ ሲሆን አየሩ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ክዳን ላይ ብቻ የተበሳ ሳጥን የታችኛው አየሩ ቆሞ ይቀራል፤ ሻጋታም ከዚያ ይጀምራል። ክዳኑ መቆለፊያ ይኑረው፤ ታራንቱላ ልል ክዳን በጀርባዋ ገፍታ ትወጣለች።

አፈሩ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከጫት ማሳ፣ ከአትክልት መደብ፣ ዳፕና ዩሪያ ከገባበት መሬት አይወሰድ። ጥቁሩ ዋልካ አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቅና የቆፈረችው ጉድጓድ በላይዋ ይናዳል። ሰጋቱራም አይሆንም፤ ከእንጨት ቤቶች የሚገኘው አብዛኛው የጥድና የባሕር ዛፍ ነው፣ ሽታው የሚያውድ እንጨት ዘይቱ ለሸረሪት አይስማማም፣ እርጥበት ሲነካውም ይሻግታል። ከሐይቁ የወጣ እምቦጭ የበሰበሰበት አፈር ለስላሳና ጥቁር ሆኖ ዓይን ይማርካል፤ ግን በነፍሳት እንቁላል የተሞላ ስለሆነ እንዲቀር እንመክራለን። የሚሠራው ቅይጥ 3 እጅ ቀይ አፈር፣ 1 እጅ የታጠበ አሸዋ፣ 1 እጅ የደረቀና የደቀቀ ቅጠል ነው። ቀላቅሎ፣ ረጠብ አድርጎ በብረት ምጣድ ላይ ማመስ። እንደ ቆሎ እያገላበጡ እንፋሎቱ ከወጣ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲታመስ የቅንቅኑም የትሉም እንቁላል ያልቃል። በዚያ ምጣድ ሌላ ነገር አይጋገርበት።

አፈሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ መፈተሽ ነው። በጭብጥ ጨመቅ ሲደረግ ቅርጹን ይዞ ከቀረ፣ በጣቶች መካከል ግን ውሃ ካልወጣ ልክ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ በእጅ መዳፍ ይጠቅጠቅ፤ ልል አፈር ላይ መራመድ አትወድም፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ትውላለች። መጠለያ ያስፈልጋታል። ግማሽ ቅል ወይም የማሰሮ ገል ከማንኛውም የሱቅ ዕቃ ይበልጣል። የገሉ ጠርዝ ስለት እንዳይሆን በድንጋይ ላይ ይታሸት፤ አፉ ወደ ታች ተደርጎ ግማሹ አፈር ውስጥ ይቀበር።

ውሃ በዝቅተኛ ዕቃ ዘወትር ይኑር። ለግልገል ቆርኪ፣ ለትልቅ የማሰሮ ክዳን የሚያክል ሳህን ይበቃል። ትሰምጣለች ተብሎ ስፖንጅ ወይም ጥጥ ይደረግበታል፤ አትሰምጥም፣ ጥጡ ግን በሦስት ቀን ይሸታል። አፈሩን ለማርጠብ መርፌው የተነቀለ ሲሪንጅ ይዞ በሳምንት አንድ ጊዜ በአንድ ማዕዘን ብቻ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ማፍሰስ ነው። ሌላው ክፍል ደረቅ ይሁን፤ የሚስማማትን ራሷ ትመርጣለች። በሸረሪቷ ላይ ውሃ አይረጭ።

ይህ የበጋው ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ነገሩ ይገለበጣል። በእነዚህ ወራት የባሕር ዳር አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ አፈሩ ላይ አንድ ጠብታ መጨመር አያስፈልግም፤ ሳህኑ ብቻ ይሞላ። ሐምሌ ላይ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ጤዛ ከታየ አየር አንሶታል ማለት ነው፤ ቀዳዳ ይጨመር። እዚህ ላይ የሚሞቱት በሳንባቸው ነው። ታራንቱላ በሆዷ ስር እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረቡ አራት ሳንባዎች አሏት፤ ከአፈሩ ጋር የሚነካካው የሆዷ ክፍል ስለሆነ በጨቀየ መሬት ላይ መዋል መተንፈሻዋን ያውካል። መሬቱ ስላስጠላት ግድግዳ ላይ ቀናት የምትውል ሸረሪት ‘ንቁ ሆናለች’ አይባልላትም፤ አፈሩ ይታይ።

ነጭ ሻጋታ ከታየ በማንኪያ ከነአፈሩ አውጥቶ መጣልና ማድረቅ ይበቃል። ውሃው ሳህን ዙሪያ ነጫጭ ነጥቦች የሚንቀሳቀሱ ከሆነ በስቴኪኒ ጫፍ ይነኩ። የሚዘሉ ከሆነ ሻጋታና ብስባሽ የሚበሉ፣ ጉዳት የሌላቸው ነፍሳት ናቸው። ሳይዘሉ በዝግታ የሚሳቡ፣ ክብና የሚያብለጨልጩ ከሆነ ቅንቅን ነው፤ ሲበዛ በአፏና በእግሯ መጋጠሚያ ላይ ይሰፍራል። ያኔ አፈሩ በሙሉ ይጣላል፣ ሸረሪቷ ሶፍት ብቻ በተነጠፈበት ደረቅ ዕቃ ውስጥ ከውሃ ሳህን ጋር ለ10 ቀን ያህል ትቆያለች፣ ሶፍቱ በየ2 ቀኑ ይለወጣል።

ማሞቂያ አያስፈልግም። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የቤት ውስጥ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ነው፣ ይህም ለብዙዎቹ ዝርያዎች የሚመች ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ሲበርድ ሳጥኑን ከሲሚንቶ ወለል አንስቶ የእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ ከመስኮት ርቆ ማስቀመጥ በቂ ነው። አደጋው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ከፍ ያለ መደርደሪያ እኩለ ቀን ላይ እንደ ምድጃ ይሆናል። የከሰዓት ፀሐይ ደግሞ በመስኮት ገብቶ ሳጥኑ ላይ ካረፈ ሸረሪቷን ለመግደል ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ምግቡ ቀላል ስለሆነ ባጭሩ እንለፈው። ትልቅ ሸረሪት በ10 ቀን አንድ ፌንጣ ወይም በረሮ ይበቃታል፤ ግልገል በሳምንት 2 ጊዜ፣ የሚሰጣት ነፍሳት ከሆዷ የማይበልጥ። ሆዷ ከደረቷ ጋር እኩል ወይም አንድ ተኩል እጥፍ ከሆነ ደህና ናት፤ እየተጎተተ መሬት የሚነካ ከሆነ ምግብ ይቀነስ። የቤት በረሮ አይሰጣት፣ ምን እንደነካ አይታወቅም። ጫት ወይም ቲማቲም ማሳ ዙሪያ የተያዘ ፌንጣም እንዲሁ፤ መድኃኒት የሚረጭባቸው ሰብሎች ናቸው። ራስን ማርባት ይሻላል። የዱቄት ትል የምንለውን የጥቁር ጥንዚዛ እጭ በሰፊ ሳህን ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የስንዴ ፉርሽካ አድርጎ፣ የድንች ቁራጭ ጣል እያደረጉና በየ2 ቀኑ እየለወጡ ማራባት ይቻላል። ከእንቁላል እስከ ጥንዚዛ ወራት ስለሚፈጅ ቀደም ብሎ መጀመር ነው። ትሉ ሲሰጣት ጭንቅላቱ በወረንጦ ይጨፍለቅ፤ አለዚያ አፈር ውስጥ ይገባና ጥንዚዛ ሆኖ ይመለሳል። ያልተበላ ምግብ ከ24 ሰዓት በላይ አይደር። በአንድ ሳጥን ከአንድ ሸረሪት በላይ አይቀመጥ፤ አንዷ ሌላዋን ትበላለች።

ምግብ እምቢ ስትል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ጤነኛ ትልቅ ታራንቱላ ለወራት ሳትበላ ትቆያለች። ሆዷ ሞልቶ ሳለ መብላት ካቆመች፣ ቀለሟ ከደበዘዘ፣ ሆዷ ላይ ጸጉር የሌለው ቦታ ካላትና እሱ ከጠቆረ ቅርፊቷን ልትጥል ነው። ግልገል በየወሩ ወይም በየወር ተኩሉ ትጥላለች፤ ትልቋ በዓመት ወይም በ2 ዓመት አንድ ጊዜ። የተበላሸች የምትመስለውም ያኔ ነው፤ በሰው እጅ የሚጠፉትም ብዙዎቹ ያኔ ነው የሚጠፉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ አፈሩ ላይ ነጭ የድር ስጋጃ ታነጥፋለች። ከዚያ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ስምንቱንም እግሯን ወደ ላይ አድርጋ። ያላየ ሰው ሞተች ብሎ ወደ ቆሻሻ ይጥላታል። ሞታለች የሚያሰኘው መልክ ሌላ ነው። ሸረሪት እግሯን የምታጥፈው በጡንቻ ነው፤ በዋና ዋና መገጣጠሚያዎቿ የምትዘረጋው ግን በደሟ ግፊት ነው። ግፊቱ ሲወርድ እግሯ ሁሉ ወደ ሆዷ ስር እንደ ጭብጥ ይሰበሰባል። በጀርባ መተኛት ቅርፊት መጣል ነው፤ በሆድ ሆኖ እግር ወደ ስር መሰብሰብ ውሃ ማጣት ወይም ሞት ነው። የሁለተኛው ዓይነት ከታየ አፏ ብቻ እንዲነካ አድርጎ በቀጭን ውሃ ሳህን ጠርዝ ላይ ማስተኛት ነው፤ ሆዷ ከውሃው ውጭ ይሁን፣ ሳንባዎቿ አሉና። ውሃ ብቻ አጥታ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ እግሯ መፍታታት ይጀምራል።

በጀርባዋ ስትተኛ ሳጥኑ አይነካ፣ አይነቃነቅ፣ መብራት አይብራባት። ውስጥ ፌንጣ ካለ ቀስ ተብሎ ይውጣ፤ ለስላሳ ሆና ስትጋደም ፌንጣው እግሯን ይበላል። መጀመሪያ የደረቷ ክዳን በጠርዙ ዙሪያ ይላቀቃል፣ ቀጥሎ ሆዷ በጎን ይሰነጠቃል፣ ከዚያ እግሮቿ ልክ እጅ ከጓንት እንደሚወጣ በትንሽ በትንሽ እየተገፉ ይመዘዛሉ። ግልገል በግማሽ ሰዓት ትጨርሳለች፣ ትልቋ ግማሽ ቀን ሊወስድባት ይችላል። አንድ እግር ቢቀርባት መሳብ ፈጽሞ አይገባም። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ጫፍ ላይ ውሃ አድርጎ የተያዘውን ቦታ ብቻ ማርጠብ፣ ሆዷን አለመንካት፣ መጠበቅ። እግሩን ራሷ ልትቆርጠው ትችላለች፤ ተመልሶ ይበቅላል።

ስትጨርስ ክራንቻዋ ወተት የመሰለ ነጭ ነው፤ ከዚያ ይቀላል፣ በመጨረሻም ይጠቁራል። እስኪጠቁር ምግብ የለም፤ ለግልገል 5 ቀን፣ ለትልቋ ከ10 እስከ 14 ቀን። ውሃ ግን በእነዚህ ቀናት ከምንጊዜውም በላይ ያስፈልጋታል።

የጣለችውን ቅርፊት አትጣሉት። መምህራን በተለይ ይህን ይሞክሩ። ቅርፊቱን ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ላርጎ አድርጎ ለሁለት ሰዓት መዘፍዘፍ ነው። ሲለሰልስ የተጨማደደውን የሆድ ክፍል በሁለት ስቴኪኒ እየዘረጉ፣ ውስጡ ወደ ላይ እንዲሆን ነጭ ሳህን ላይ መዘርጋት። አራት ነጫጭ ሞላላ ምልክቶች ይታያሉ፤ የአራቱ ሳንባዎች ሽፋን ናቸው። ወደ ፊት ባሉት በሁለቱ መካከል አንድ አግዳሚ መስመር አለ። ከዚያ መስመር ላይ እንደ ትንሽ ኪስ ወይም እንደ ሁለት ጆሮ የቆመ ነገር ካለ ሴት ናት፤ የወንድ ዘር የምታከማችበት ነው። ለስላሳ መስመር ብቻ ከሆነ ወንድ ነው። ለትንሽ ሸረሪት አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል። ወንድ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል፤ ለአቅመ ዘር ከደረሰ በኋላ የሚኖረው ለወራት፣ ቢበዛ ለአንድ ሁለት ዓመት ነው። አፉ አጠገብ ያሉት ሁለት አጫጭር እግሮች ጫፋቸው እንደ ቦክስ ጓንት ሲያብጥ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቢዳከምና ቢከሳ የጠባቂው ጥፋት አይደለም።

ጉንዳን ሳይነሳ አይታለፍም። ዝናብ ሲበረታ ጉንዳን ሰልፉን ይዞ ቤት ይገባል፤ በሳጥን ውስጥ ያለች ሸረሪት የምትሸሽበት ስለሌላት በአንድ ሌሊት ባዶ ቅርፊት ሆና ታድራለች። ንብ አናቢ ለቀፎ መቆሚያ እንደሚያደርገው የመደርደሪያው አራት እግሮች እያንዳንዳቸው በጣሳ ውስጥ ይቁሙ፤ ጣሳው ውስጥ ውሃ፣ በላዩ ጥቂት የተቃጠለ ዘይት። መደርደሪያው ግድግዳ፣ መጋረጃ ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ የሚነካ ከሆነ ጣሳው ምንም አይሠራም፤ ጉንዳኑ በገመዱ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ፍሊት መንፋት ጉንዳኑንም ሸረሪቷንም መጨረስ ነው።

ስለ ሰው ደህንነት። ታራንቱላ ለመታቀፍ የተፈጠረች አይደለችም። ለማዛወር ጥርት ያለ ኩባያ ደፍቶባት ከስር ካርቶን ማስገባት፣ ወደ ኩባያው እንድትገባም የኋላ እግሯን በብሩሽ ነካ ማድረግ ነው። ምግብና ቆሻሻ በ25 ሳንቲ ሜትር ወረንጦ እንጂ በጣት አይነሳ። በታራንቱላ ንክሻ ሰው መሞቱ የተረጋገጠበት ጊዜ የለም፤ የአፍሪካና የእስያ ወገኖች ንክሻ ግን ከባድ ሕመምና ለቀናት የሚቆይ የጡንቻ ቁርጠት ያመጣል። ሲነክስ በሳሙና መታጠብ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ፣ ጡንቻ ከተኮማተረ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። መብጣት፣ መምጠጥ፣ ማሰር አይጠቅምም። የተበተነ ጸጉር ቆዳ ላይ ካረፈ ፕላስተር ለጥፎ መንቀል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ አለማሸት፣ በንጹህ ውሃ ማጠብና በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ማየት። በነገራችን ላይ ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ ‘ሸረሪት ሸናበት’ የሚባለው ለሸረሪት የማይገባ ስም ነው። በአንድ ጎን ተሰልፎ የሚያቃጥለው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ሳሉ የያዘ የጉድፍ ቫይረስ ተመልሶ ሲነሳ የሚመጣ ነው፤ ሕክምናውም ቶሎ ሲጀመር ይረዳል።

በመጨረሻ በእያንዳንዱ ሳጥን ላይ ወረቀት ይለጠፍ። ወረቀቱ የዝርያዋን ስም፣ መጨረሻ የበላችበትን ቀንና ቅርፊት የጣለችበትን ቀን ይያዝ። ባለቤቱ በሌለበት ቤት ለሚያጸዱት እናት ወይም ለመርጨት ለሚመጣው ባለሙያም በትልቁ ይጻፍበት፦ ‘ውስጥ ሸረሪት አለች። አይከፈት። ፍሊት አይነፋ። በጀርባዋ ከተኛች አልሞተችም።’

ከአክብሮት ጋር
ሸረሪት የምናቆይ ጓደኛሞች
ባሕር ዳር